የተነቀለው ገመድ

የአንጎል ምርመራ ባለሙያውን ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ እግሩ አላርፍ ብሎታል። አጠገቡ አልጋ ላይ የተቀመጡት እናት የሚጥል በሽታቸው ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ ቀጫጭን ሽቦዎች እስከ አንጎላቸው ውስጠኛ ክፍል ገብተውላቸዋል።

«ሬዲዮ ተክላችሁብኛል እኮ! ዜና ካለው ንገረኝ እንጂ ልጄ።»

«አገር አማን ነው እማማ» አላቸው።

ይህን ብሎ አፉን ሳይገጥም፣ ከሁሉም ጠልቆ የገባው ሽቦ መስመር ገመዳቸው በተሰካበት ማሽን ስክሪን ላይ በቀስታ ይወዛወዝ ጀመር።

«እማማ፣ መጣብዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! እኔን ሊጥለኝ ሲል አስቀድሞ አፌን ብረት ብረት ይለኛል።» ብርቱካናቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ማሽኑ ቢበላሽ ነው ብሎ ከእሳቸው የሚመጣውን ገመድ ነቀለው። ሌላው መስመር ሁሉ ቀጥ አለ። ያ አንዱ ግን እየሰፋ፣ እየፈጠነ ሄደ። ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ምራቁን ዋጠ፤ ምራቁ ብረት ብረት አለው።

ዞር ሲል እናትየው ብርቱካኑን አስቀምጠው ያዩታል። የሚያዩት ፊቱን አይደለም፤ እግሩን ነው። እግሩ ወለሉን ከመስመሩ ጋር እኩል ይመታል።

ትራሳቸውን ከአልጋው አንስተው ወለሉ ላይ አመቻቹለት።

«ና የኔ ልጅ፣ ሳይጥልህ ጋደም በል።»