የአርሲው እንግዳ

በዚያን ዘመን ናዝሬት ውስጥ እንግዳ ማሳደር እንደ ድሮው ቀላል አልነበረም። ጨዋ ባለቤት እንግዳው አረፍ ሳይል ቀበሌ ሮጦ ያስመዘግባል፣ ሬዲዮኑን ከውጭ ጣቢያ ወደ አገር ቤት ይመልሳል፣ ጎረቤት እንዲሰማም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እግር ማጠብ ከዚያ በኋላ ነው።

አሳምነውና ባለቤቱ ጤናዬ ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቁበታል። አሳምነው ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። የእሱ ወገኖች ደራ፣ የእሷ አቦምሳ ስለሆኑ ከአርሲ ለሕክምናም ለጉዳይም የመጣ እነሱ ቤት ያድራል። ማነህ፣ ለምን መጣህ ብሎ እንግዳን መጠየቅ በሁለቱም ዘንድ ነውር ነው።

ያን ሰሞን ግን ቤታቸው ለእንግዳ የሚመች አልነበረም። አንድ ልጃቸው ነገሪ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ስለነበር ኮርኒስ ውስጥ ደብቀውታል። ለቀበሌው የነገሩት ሐረር ሄዷል ብለው ነው። ከተያዘ ወደ ሰሜን ይላካል፤ ከሰፈሩ ወደዚያ ከሄዱት ልጆች ደግሞ እስካሁን የተመለሰ የለም። ጤናዬ ይህን ስታስብ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚፈሩት ጎረቤታቸውን ሻሼን ነበር። ድሮ እትዬ ሻሼ ነበረች፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ ጓድ ሻሼ ተብላለች። ድሮም ሰው ቤት ዘው ማለት ትወድ ነበር፣ አሁን ሥራዋ ሆነላት።

እንግዳው የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሸምገል ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ አንድ ቆርቆሮ ማር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው።

"አካም ጅርቱ። የአሳምነው ቤት ይህ ነው?" አሉ።

ጤናዬ ነው ብላ አስገባቻቸው። ሰንበታ እንደሚባሉና ከአርሲ እንደመጡ ነገሯት፤ የአሳምነውንም ጤንነት ደጋግመው ጠየቁ። ውሃ አሙቃ እግራቸውን አጠበቻቸው። ለበዓል ያቆየቻትንም ዶሮ አሳረደች።

አሳምነው ማታ ሲገባ ሽማግሌው ወጡን እያጣጣሙ ነበር። ሊነሱለት ሲሉ በሞቴ ብሎ አስቀመጣቸው። የጤናዬን ባልትና አወድሰው አልጠግብ አሉ። አሳምነው ደስ ብሎት ወደ ቀበሌ ሮጠ። ጸሐፊው ምንህ ናቸው ሲለው ዘመድ አለ፤ ጸሐፊውም ዘመድ ብሎ መዘገበ።

ባልና ሚስት አልጋቸውን ለቀው መሬት ተኙ። በማግሥቱ አሳምነው ለራሱ ገዝቶት የማያውቀውን ቢራ ይዞ መጣ። ጤናዬም ቀበሌ ለወር ያደላትን ስኳር በሻይ ጨረሰችው። እንግዳው ፊት ሲተያዩ አንዳቸው ሌላውን በዓይን ያመሰግኑ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሻሼ ሳታንኳኳ ገባች። እንግዳው ተመዝግበዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ተመዝግበዋል አሏት። እሷ ግን ተቀምጣ ሽማግሌውን ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው ታያቸው ጀመር። በዚህ መሀል ኮርኒሱ ሲንቋቋ ተሰማ። ጤናዬ ቶሎ ብላ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገች።

"አይጣችሁም እንደ እኔ በልቶ ጠግቧል" አሉ አባባ ሰንበታ፣ ሳቅ ብለው።

ሻሼ ወደ ላይ ቀና ብላ አየች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ሽማግሌው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "ልጁን አውርዱት፣ ወገቡ ይጎብጣል" አሉ። ጤናዬ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ነገሪ አቧራ ለብሶ ወረደና ጉልበታቸውን ሳመ።

እሳቸው በአገራቸው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። የሥልጣንን መከራ አጫወቷቸው። ወጣቱ ሁሉ ጫካ ገብቷል፤ የበላይ አካል ደግሞ የምልምል ኮታህን ሙላ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷቸዋል። አሳምነው ከልቡ አዘነላቸው። ልጁን ወስደው ይሸሽጉላቸው ዘንድ ግን አፍ አውጥቶ ለመለመን አፈረ። ሐሳቡን ያነሱት ራሳቸው ሽማግሌው ሆኑ።

"እዚያ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። እኔ ይዤው የምሄደውን ልጅ ማን ይነካዋል?"

አሳምነው የደንበኛ ኮት ትቶ ለልጁ ሱሪ ሲሰፋ አመሸ። ጤናዬ በሶና ቆሎ ቋጠረች።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነገሪ ከአባባ ሰንበታ ጋር ወጣ። ጥርጣሬ እንዳያመጣ ብለው አልሸኙትም። አውቶቡሱ ኬላውን አለፈ በሚሉት ሰዓት ጤናዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። አሳምነውም ትከሻዋን አቀፋት፤ ሁለቱም ቀለል ብሏቸው ነበር።

ያኔ ሻሼ ገባች፣ ነጠላዋን እንኳ በወጉ አልለበሰችም።

"ነገሪን ከሰውዬው ጋር ሲሄድ አየሁት" አለች። "ኮርኒስ ላይ እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቃለሁ። ቤታችሁ የምመላለሰው እኮ ሌላ ፈታሽ እንዳይላክባችሁ ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም እያልኩ።"

ጤናዬ ልትስማት ተነሳች። ሻሼ ግን በእጇ አቆመቻት።

"ቆይ፣ ሰውዬው የማን ዘመድ ናቸው?"

አሳምነው በጣቱ ወደ ጤናዬ፣ ጤናዬ ወደ አሳምነው አመለከቱ።