የአንድ ጉንጭ ውሃ ቅጣት

ወተቱ ሲገነፍል ከበር ሆኜ አየሁት፤ ሮጬ ግን ልደርስበት አልቻልኩም። በማራቶኑ ሠላሳ አምስተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ለተፎካካሪዬ ለትርሲት ውሃዬን ስላካፈልኳት፣ ዳኞቹ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ የቀበሩት መቆለፊያ ለአንድ ዓመት ከዝግታ እርምጃ አያሳልፈኝም።

የዳኞቹ መልእክተኛ አቶ ግዛቸው ወተት የፈሰሰበትን ምድጃ አይተው ወረቀት ዘረጉልኝ።

«አጥፍቻለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ መቆለፊያው ዛሬውኑ ይፈታልሻል።»

«ከጠማት ነገም እሰጣታለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት እያዘገምኩ ወደ ልምምድ መንገዳችን ወጣሁ። ልምምድ ላይ ሁሌም ከፊት የምመራው እኔ ነበርኩ፤ መሪን መቅደም ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከኋላዬ የሯጮች ኮቴ ቀረበ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ዞር ስል ትርሲት ናት። ከእሷ ኋላ አሥራ ሁለት ሯጮች ተሰልፈው በእኔ እርምጃ ይራመዳሉ።

ማንም አልቀደመኝም።