የወደቀችበት ቦታ

ዶክተሯ ኦቲዝም ያለባትን የባልና ሚስቱን ልጅ የአንጎል ምስል በስክሪኑ ላይ አሳይታ ሳትጨርስ እናትየው ብድግ አለች። ጣቷን ከምስሉ በስተኋላ በኩል አሳርፋ፣ «ልጄ ከእጄ አምልጣኝ የወደቀችው በዚህ በኩል ነው» አለች። ባልየው የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ። ክሩ አልተፈታም ነበር።

«ምንም ጉዳት አይታይም፣ እህቴ» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ። «ኦቲዝሙ በመውደቅ የመጣ አይደለም። የዘረ-መል ምርመራው ከአባቷ የወረሰችውን አንድ ለውጥ አግኝቷል። ምስሉ ደግሞ የአንጎሏ ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያሳየናል። ሁለቱን አብረን ስናነብ ነገሩ ትንሽ ይገባናል፤ ሁሉንም ግን አናውቅም። የማንም ጥፋት አይደለም።» ከዚያ ወደ ባልየው ዞር አለች። «የዘረ-መሉን ውጤት ባለፈው ወር በስልክ ነግሬዎት አልነበር? አልነገሯትም እንዴ?»

ባልየው ቀና አለ። ለምን እንዳልነገራት ራሱን ሲጠይቅ የሚመልሰው «ጊዜ አላገኘሁም» ብሎ ነበር። በዚያ ወር ሁሉ ግን ሚስቱ የልጅቷን ጸጉር ስታበጥር፣ የጭንቅላቷን ኋላ በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች «ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት» ስትል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማት ነበር፤ እሷም አንዳንዴ ቀና ብላ ታየው ነበር። አንድም ቀን አልገባም።

ሚስቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አልጮኸችበትም።

«ትናንት እንኳ» አለችው፣ «እያወቅህ ነው ቆመህ የሰማኸኝ?»