ቦራ የበላው ኮረብታ

ማሪያም ማጭዱን ከአሳምነው እጅ መንጭቃ ወረወረችው። ማጭዱ በአየር ላይ እየተሽከረከረ ሄደ፤ ክንዷን ትንሽ ጠንከር ብታደርገው ኖሮ አሶሳ አስፋልት ላይ ያርፍ ነበር።

ከኮረብታው አናት እስከ ታች ጎንበስ ብሎ ሳር የሚያጭደው ሁሉ ቀና አለ። አሳምነው የደን ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ በሰፈራው ዘመን ከወሎ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ ሲያስነጥስ ሦስት ቀበሌ "ይማርህ" የሚለው ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በጠራራ ፀሐይ ማጭዱን ሲቀማ ምድር አለመሰንጠቋ ይገርማል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠገብሽ?" የአንገቱ ደም ሥር እንደ መጫኛ ተገተረ። "ማን መሰልኩሽ?"

"ዓይን የሌለው ሰው! ወላሂ፣ ዓይን የለህም!" አለች። "ወንዶቻችን ጁምዓ ላይ ናቸው። ቅዳሜ አብረን እናጭዳለን አልተባለም? ለምን አልጠበቅክም?"

"ሳር ለማጨድ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ልጠብቅ?"

አሳምነውን የሚያንገበግበው ይህን ሁሉ የሚደክመው ለኮረብታው ሲል መሆኑ ነው። ካቻምና ቀርከሃው በአንድ ጊዜ አበበ፤ አብቦ ደረቀ። ቤት የሚማገርበት፣ ቀፎ የሚሠራበት፣ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ሆኖ የሚመለሰው ቀርከሃ፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ አጥንት ነጥቶ ቆመ። የመሬት አስተዳደር ሰዎች በመኪና መጡና ከመኪናቸው ሳይወርዱ "ሞቷል" አሉ። ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ። አዲስ ቀርከሃ ካላዩ ኮረብታው ሰሊጥ ለሚዘራ ባለሀብት ይሰጣል።

"ሞቷል!" ይህችን ቃል ባሰባት ቁጥር የአሳምነው ጥርስ ድንጋይ ይፈጫል። በማኅበሩ ደንብ ከብት ኮረብታው ላይ አይወጣም፤ ሳሩን ግን አጭዶ መሸከም ይቻላል። እንግዲያው ሙልጭ አድርገን እንጨደው፣ አለ። ኮረብታው እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ይጠብቃቸው፤ አንዲት ቀርከሃ ብቅ ብትል ከመኪናቸው ሆነው እንዲያዩዋት። ማንም ያላማከረው፣ ከራሱ ጭንቅላት የወጣ ሐሳብ ነው።

"ከጠዋት ጀምሮ እኔ ብቻዬን ያጨድኩት የመተከልን ከብት በሙሉ ይቀልባል!" ሲል ደነፋ።

"አጨድኩ ይላል ደግሞ! ማጭድህ ዶልዱሟል። አንተ ትነቅላለህ እንጂ መቼ ታጭዳለህ?"

"እሱስ እውነቷን ነው" አለ ጎረቤቱ የሻው ከኋላ። "አሳምነው ሲያጭድ መሬቱም አብሮት ይሄዳል።"

ሳቁ ቁልቁል ወረደ። አሳምነው ዞር ብሎ የሻውን በዓይኑ ሊውጠው ሲል ማሪያም ተንበረከከች። ዝናብ ያራሰውን አፈር በጣቷ ቆፍራ አንዲት ቀጭን ሳር ከነሥሯ አወጣችና አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

"ይሄ ምንድነው? በል ንገረኝ፣ ሊቀመንበር!"

ሊሰድባት አፉን ከፈተ። ያኔ አየው። ሥሯ ላይ እንደ አጃ የሾለች ገለባ ተጣብቃለች። ያቺን ገለባ ያውቃታል። ባለፈው በጋ ፍሬው ከደረቀው ቀርከሃ ላይ ሲረግፍ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ በጥርሱ እየፈለፈለ በልቷታል። "ኩንታሉን ብቻዬን ጨረስኩት" ብሎ ለአገር ያወራው እሷን ነው።

"ቀርከሃው አበባ ሲያወጣ እኔ አለቀስኩ" አለች ማሪያም፤ ድምፅዋ አልበረደም፤ የአገሬው ተወላጅ ናትና ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። "እናቴ ምን አለኝ? አታልቅስ፣ ቀርከሃ ልጅ ሳይወልድ አይሞትም አለኝ። ይኸው ወለደ። ቅዳሜ ቢሆን ለይተን እናሳይህ ነበር። አንተ ደግሞ ልጁን አጭደህ ለከብት ሰጠህ!"

የሻው ማጭዱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

አሳምነው ኮረብታውን ቃኘ። ከአናቱ እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ እግሩ። እንዳለውም እንደ ሙሽራ ተላጭቷል። ሰኞ ሰዎቹ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ያዩታል።

ከታች፣ ከብት ከማያልፈው ከኮረብታው ወሰን ማዶ፣ በሬው ቦራ የተቆለለው የሳር ሸክም ሥር ታስሮ ያመነዥካል። አሳምነው፣ አንዱን የህዳሴ ግድብ ተርባይን ብቻውን ያዞራል ብሎ የሚምልበት በሬው ነው። ጉንጩ ግራና ቀኝ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ፣ ተመችቶት።

"ሸክሙን ፍቱ!" አሳምነው ሲጮህ ሱዳን ድረስ ወፍ ተነሣ። "ከነሥሩ የተነቀለውን ሁሉ ለዩ! ያጨድነውም ቢሆን ጉቶው ያቆጠቁጥ ይሆናል፤ ሰው እንዳይቆምበት!"

ቁልቁለቱን በሁለት ዝላይ ጨረሰው። ደርሶም ሁለት እጁን በሬው አፍ ውስጥ ከተተ።

"ትፋ! ትፋ አንተ ሆዳም! አገር እየበላህ ነው!"

ቦራ ራሱን ወዘወዘ፤ ጌታውንም አብሮ ወዘወዘው። ማሪያም ሳትጠራ መጥታ ቀንዱን ያዘችለት።

አረንጓዴ ለሃጭ እስከ ክርኑ ወረደ። ከመዳፉ ላይ አንዷን ለየ። ቅጠሏ ታኝኳል። ሥሯ ግን አለ፤ ዶልዷማው ማጭድ ከነአፈሯ ነቅሏታል፤ ገለባዋም እንደተጣበቀች ናት። ከወሰኑ ወዲህ ተመልሶ ተንበረከከ፤ አውራ ጣቱን አፈር ውስጥ ሰክቶ ጉድጓዱ ላይ አቆማት። ወደቀች። አቆማት። ደግማ ወደቀች።

"አፈሩን ጠበቅ አድርግ" አለች ማሪያም ቀንዱን ሳትለቅ፣ ቁጣዋንም ሳትለቅ።

ጠበቅ አደረገ።

ከወሰኑ ማዶ ቦራ ባዶ አፉን ያላምጥ ነበር።