የእንጨት ሽታ

ወንድምየው ወደ አባታቸው መኝታ ቤት ሳይገባ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ቅጠሉን አራግፎ የጨረሰ ጫካ፣ ዝናብ የመታው ግንድ ይሸታል። አባታቸው ጎን የነበረችው እህቱ ከንፈሯን አጣመመች። አባታቸው ከሚሠሩበት የእንጨት መሰንጠቂያ ሲመለሱ ጓደኞቹ እንዳያዩአቸው በጓሮ በር ያስገባቸው የነበረው ይኸው ጉደኛ፣ ዛሬ የእንጨት ሽታ በብልቃጥ ገዝቶ አንገቱ ላይ አርከፍክፎ መጣ።

ዓይናቸው ማየት የተሳነው አባት አየሩን ሳብ አደረጉና ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘረጉለት።

“መሰንጠቂያው ጋ ዋልክ እንዴ ልጄ?”

“ኧረ አባዬ፣ ምን በወጣኝ” አለ እየሳቀ። “ሽቶ ነው። ውድ ሽቶ።”

“አሃ፣ ሽቶ ነው” አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

እህቱ ከአልጋው አጠገብ የነበረውን ወንበር አንስታ በሩ ሥር አስቀመጠችለት።