ወደ ፍል ውሃው፣ ከእህቷ ኋላ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከገዛ ታናሽ እህቷ ጋር የጠረጠረችው በሰው ወሬ አይደለም። ወሬማ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ "ሰዓትና ሚስት ሁለት ሰው አይነካካቸውም" እያለ ሙያውን ለማንም ሳያሳይ የኖረ ሰው፣ ከክረምቱ ወዲህ ታናሽየዋን ከጎኑ አስቀምጦ ያስተምራት ጀመር። ሚስት ምሳ ይዛ ስትሄድ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ፣ ሁለቱ አንድ መብራት ሥር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ታገኛቸዋለች። እሷ ስትገባ ወሬው ቁርጥ ይላል።

"ምን እያላችሁ ነበር?"

"ስለ ሰዓት ነዋ፣ እትዬ።"

"ሰዓት ይሰማናል ብላችሁ ነው የምትንሾካሾኩት?"

ታናሽየዋ አቀረቀረች። እሱ ሳቀ።

ደግሞ አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ተነስቶ፣ "እሁድ ፍል ውሃው እንውጣ" አለ። "እናቴም ጉልበቷን ትዘፍዝፍ፣ እኛም እንደ ድሮው አብረን እንየው።" ያጫት እዚያ ነበርና ልቧ ሊራራ ምንም አልቀረው። ወዲያው፣ "ታናሽሽም ትምጣ" ብሎ ጨመረበት።

"እሷ ደግሞ ምን ልትሠራ?"

"ዕቃ ትይዝልናላ።"

ሚስት ነገሩ ገባት። እሺ አለች። እዚያ ተራራ ላይ እይዛቸዋለሁ አለች በሆዷ። ከያዘቻቸው ስፌት መኪናዋን አስጭና ልትወጣ፣ እህት የሚባልም ነገር ላይኖራት ከራሷ ጋር ተማማለች።

ለእሁድ ቀይ ቀሚስ ሰፋች፤ ደረቱን በጥልፍ፣ ወገቡን ጠበብ አድርጋ። ለብሳ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

"እንዴት ነው?"

"ያምርብሻል" አላት፣ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ለጎረቤት ውሻም ከዚህ የተሻለ ይባላል።

ታክሲው ዳገቱ ግርጌ አወረዳቸውና በእግር ጀመሩ። ድሮ እሱ ነበር እያፏጨ እንደ ፍየል ፊት ፊት የሚዘለው። ዛሬ ታናሽየዋ ፊት ሆነች፤ እሱ ከኋላዋ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዞ። እሷ ዞር ሳትል በለሆሳስ የሆነ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። አማቲቱ በከዘራ እያነከሱ አለፏቸው።

"ምነው ልጄ፣ እርጅናውን ከእኔ ላይ ነጠቅከኝ?"

"አንቺ ፍል ውሃው ሸቶሽ ነው፣ እማዬ።"

"ቦርሳው ከከበዳት ተሸከምላታ" አለች ሚስት ከኋላ። "ምን እንደ ጋሪ ይዞ መንገዋለል ነው?"

"እየገፋኋት እኮ ነው" አለ። የሳቀው ብቻውን ነበር።

ዛፍ ሥር አረፉ። ሚስት ዳቦ ቆርሳ፣ እንቁላል አድርጋበት ዘረጋችለት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ወደ ጋራው ዞሮ ተቀምጧል፤ ሊቀበላት አልቃጣም። ታናሽየዋ ከእጇ ላይ ለቀም አድርጋ በመዳፉ ስታኖርለት ግን ያዘና በላ።

ከእኔ እጅ መቅመሱም ቀረ በይኛ፣ አለች ሚስት በልቧ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ የድንጋይ ደረጃ ነው። እዚያ ላይ ማንገቻውንም ተወውና እጁን የልጅቱ ትከሻ ላይ ጣለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሚስቱ እያየች፣ እናቱ እያየች። ሚስት ደረጃውን በምን እግሯ እንደወጣችው አታውቀውም።

ፍል ውሃው ከአለቱ ሥር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ገደሉን ሸፍኖታል። አማቲቱ ታችኛው ኩሬ ውስጥ ተዘፍዝፈው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። ሁለቱ ከአለቱ ጀርባ ወዳለው ወደ ላይኛው ኩሬ ሄደዋል። ሚስት የአማቷን ጉልበት ታሻለች፤ ዓይኗ ግን አለቱ ላይ ነው።

"ሂጂ ወደ ባልሽ" አሏት አሮጊቷ። "የእኔን ጉልበት ማንም አይሰርቀው።"

እሳት የጫሩባት ያህል ተነሳች። ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ፣ አለቱን ታክካ ቀረበች።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው የምንደብቃት?" የታናሽየዋ ድምፅ ነው፤ አልቅሳለች። "እኔ ፊቷን ማየት አቃተኝ።"

"ዛሬን ብቻ። ዛሬ እንኳ ደስ ብሏት ትዋል፤ ማታ ራሴ እነግራታለሁ።"

"እሺ። ፎጣ ላምጣልህ፣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ" ብላ ልጅቱ በወዲያኛው በኩል ወረደች።

በቃ። ከዚህ በላይ ምን ይሰማል? ሚስት ከአለቱ ጀርባ ወጣች። አንዲት ጠጠር ከእግሯ ሥር ተንከባለለች። በዚያው ቅጽበት ነፋስ እንፋሎቱን ጠርጎ ወሰደው፤ ፀሐይዋ በቀዩ ቀሚስ ላይ ወረደች። ባሏ እግሩን ውሃው ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው የአንድ ክንድ ያህል እንኳ የለም። ቀና ብሎ ፊት ለፊቷ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ካየችበት ስንት ጊዜዋ።

ልትረግመው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀደማት።

"መጣሽ? እህትሽ በየት በኩል ናት? የማያት እንዲመስላት ፊቴን ወደ እሷ አዙሪልኝ።"