ቢጫው ብርድ ልብስ

ልብስ ሰፊዋ በሩን አንኳኩታ እጇን ሳታወርድ ስልኳን ታያለች። ቤቱ አለ። ገና አልፈረሰም።

«ቤቱ» የሚሉት ስልካቸው ላይ ያለውን የውይይት ግሩፕ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች እናቶችና አባቶች የሚመካከሩበት፣ አንዳንዴም የሚነታረኩበት። እሷ ያለ ክፍያ ከሚጠብቁት ሰዎች አንዷ ናት። የከፈተችው ደግሞ ከዚህ በር ጀርባ ያለችው ሴት ናት። ዓመታት ጠፍታ ከርማ ዛሬ ጠዋት ብቅ አለችና «ከምሳ በኋላ አፈርሰዋለሁ» ብላ ጽፋ ዝም አለች።

መንገዱን ሙሉ ንግግሯን ስታጠና ነው የመጣችው። መክፈት ሌላ፣ ማቆየት ሌላ፣ ልትላት ነው። ልቧ ግን ፔዳሉን እንደረገጡት የስፌት መኪና ይንደቀደቃል።

በሩን የምትከፍተው የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ረዘም ያለች ልጅ ናት። ፀጉሯን ከግንባሯ ስትመልስ ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ያንን ጠባሳ ከገዛ ልጇ ፊት እኩል ታውቀዋለች።

«ውይ እናቴ! አንቺ ነሽ! ባለ ቢጫ ብርድ ልብሷ! እንዴት አድገሻል! አዲስ እናት በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምልክላት እኮ ስትወድቂ የተቀረጽሽውን ቪዲዮ ነው!»

የልጅቷ እጅ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ይቀራል። «እማዬ» ትላለች ዞር ሳትል፣ «ከነሱ አንዷ መጥታለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልብስ ሰፊዋ ምላሷን ነክሳ ትገባለች።

እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። በእጇ ወንበር ታሳያታለች እንጂ አትነሳም።

«እህቴ፣ ምን በደልንሽ?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቪዲዮውን አጠፋሁት፤ መለሳችሁት። ደግሜ አጠፋሁት፤ ደግማችሁ መለሳችሁት። ማነው የሚመልሰው?»

«እኔ ነኝ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። «ከጠባቂዎቹ አንዱ አኩርፎ ያጠፋው መስሎኝ ነዋ። አንቺማ ድምፅሽ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ልጁ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው በሱ ነው የሚማረው።»

«ቤቱ የኔ ነው። የከፈትኩትን እዘጋለሁ።»

«የከፈትሽውስ አንቺ ነሽ፣ ማን ካደ? ግን ሰው ሲጮህ የምንደርሰው እኛ ነን። ቁልፍ አንቺ ጋ ስላለ ሰው ታስወጫለሽ?»

«ቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» ትላለች ልጅቷ የበሩን መቃን ተደግፋ።

ሁለቱም ወደ እሷ ይዞራሉ።

«የክፍሌ ልጆች አገኙት። አረፋውን፣ ሽንቴን፣ ሁሉንም። ትናንት አንዱ መሬት ላይ እየተንከባለለ እኔን ሆነ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እናንተ ቤቱ የማነው ትባባላላችሁ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ሰማሽ?» እናትየው ስልኳን ታነሳለች። «እንዳለ ይጥፋ። እፎይ እንበል።»

ልብስ ሰፊዋ ታፍራለች፤ ፈርታለችም። በዚህ መሀል ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይርገበገባል። ልማድ ነውና ሳታስብ ታወጣዋለች። የጻፈችው አዲስ እናት ናት። ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ ታነበዋለች፦ «እባካችሁ ልጄ አሁን ወደቀ ብቻዬን ነኝ ማንኪያ አፉ ውስጥ ላስገባ?»

ጣቷ በራሱ ጊዜ ቪዲዮው ወዳለበት ይሄዳል። ቢጫው ብርድ ልብስ ብቅ ሲል ይቆማል። ልጅቷ እያየቻት ነው።

በቃላት ልትጽፍ ትሞክራለች፤ ፊደሎቹ ይሳሳቱባታል። ቀና ስትል የእናትየው አውራ ጣት በገዛ ስልኳ ማጥፊያው ላይ ነው።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ አሁን አታፍርሺው!»

«ተዪ እማዬ።» ልጅቷ መጥታ ለልብስ ሰፊዋ እጇን ትዘረጋለች። «ይስጡኝ። በዚህ ሰዓት ማን ያነባል? በድምፅ ነው።»

ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋለች። «ማንኪያ እንዳታስገቢ፤ የኔን ጥርስ የሰበረው ማንኪያ ነው። በጎኑ አዙሪው። ጭንቅላቱ ስር ልብስ አድርጊለት። ጠፍንገሽ አትያዢው። ሰዓት እዪ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ሐኪም ቤት ይዘሽው ሩጪ። ደግሞ አትቅረጪው። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ፊትሽን ይሁን። ስልክ አይሁን።»

ትልከዋለች። እናትየው ስልኳን ሶፋው ላይ በፊቱ ትደፋዋለች።

ሦስቱም አንዱን ስልክ ከበው ይጠብቃሉ። ስክሪኑ ሊጠፋ ሲል ልብስ ሰፊዋ ትነካዋለች፤ ሊጠፋ ሲል ልጅቷ ትነካዋለች። ልብስ ሰፊዋ ማዶ ያለችውን ሴት ስም እንኳ አታውቅም።

ከዚያ መልእክቱ ይገባል፦ «ነቃ። ውሃ ስጪኝ አለኝ።»

እናትየው ዝግ ባለ ድምፅ «ተመስገን» ትላለች። ልጅቷ ደስ ያላት አትመስልም፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትላለች።

«አሁን የኔን ያጥፉልኝ» ትላለች ልብስ ሰፊዋን። «የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ለክፉ ቀን ብላ ስልኳ ውስጥ ያስቀመጠችውን ቅጂ ታጠፋለች። ቀጥላ ቤቱ ውስጥ ያለውን ትጫነዋለች። ትንሿ ልጅ ቢጫው ብርድ ልብስ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ከላይዋ ጥያቄ ይመጣል፦ ለሁሉም ይጥፋ?

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ታነሳና ስልኩን ወደ ልጅቷ ታዞረዋለች።